የጥርስ ሥር ቦዮች ጥናትና በከንቱ የተነቀሉ ጥርሶች ታሪክ

በአገራችን ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ጥርሱን አሞት የመጣን ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ብዙውን ጊዜ የጥርስ ሐኪም ሳይሆን ነርስ፣ ጤና መኮንን ወይም ጠቅላላ ሐኪም ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም የጥርስ ሐኪም አይደለም። በትምህርት ዘመናችን ስለ አምስተኛው የራስ ነርቭ ቅርንጫፎች ረጅም ሰዓት ስናጠና፣ ነርቩ የሚያበቃበት የጥርስ ውስጥ ግን በአንድ ሥዕል ብቻ ይታለፍ ነበር። በሥዕሉ ላይ እያንዳንዱ የጥርስ ሥር በመካከሉ አንድ ቀጥ ያለ ቀጭን ቱቦ ይዞ ይታያል። ይህ አሳሳል ከእውነታው የራቀ መሆኑ ከታወቀ መቶ ዓመት አልፎታል። ዕውቀቱ እንዴት እንደተገኘና ከተገኘም በኋላ እንዴት ለተቃራኒ ዓላማ እንደዋለ የሚያሳየው ታሪክ ለሁላችንም የሚጠቅም ስለመሰለን እዚህ አቅርበነዋል። ዓመታቱ በሙሉ የተጠቀሱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የጥርስ ውስጥ ባዶ መሆኑ ከጥንት ጀምሮ ይታወቅ ነበር። በባዶው ቦታ ምን ይኖራል ለሚለው ጥያቄ ከባቢሎን እስከ አውሮፓ የተሰጠው መልስ ግን «ትል» የሚል ነበር። ሕመምተኛው የተክል ዘር ጢስ ወደ አፉ እንዲገባ ይደረግና ትሉ ወጣ ይባላል። ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሌዩቨንሁክ በ1700 ገደማ ከጥርስ ወጡ የተባሉ ትሎችን በማይክሮስኮፕ መርምሮ በአይብ ላይ ከሚፈሉት ትሎች የማይለዩ መሆናቸውን ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጻፈ። ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻርም በ1728 ባሳተመው መጽሐፉ የትሉን ታሪክ ውድቅ አደረገው። በእኛ አገር ይህ እምነት ከነጭራሹ አለመጥፋቱን በሕፃናት ክፍል የሠራ ሁሉ ያውቃል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ድድ ተበስቶ ገና ያልበቀለው ክራንቻ እንቡጡ ሲወጣ፣ ነጣ ያለውና ለስላሳው እንቡጥ ለወላጅ «ትል» ተብሎ ይታያል። ግግ ማውጣት የሚባለው ይህ ድርጊት ደም ያፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ከሥሩ የሚመጣውንም ቋሚ ክራንቻ ያበላሻል። ዞሮ ዞሮ የችግሩ ምንጭ የጥርስን ውስጣዊ አካል አለማወቅ ነው።

በቪየና ያስተምር የነበረው ጌኦርግ ካራቤሊ በ1840ዎቹ የእያንዳንዱን ጥርስ ሥሮችና ቦዮች ቁጥር በዝርዝር ገለጸ። የእርሱ ዘዴ ጥርሱን መሰንጠቅ ነበር። ነገር ግን የተሰነጠቀ ጥርስ የሚያሳየው መጋዙ ያለፈበትን ገጽ ብቻ ስለሆነ፣ ወደ ጎን የሚታጠፈውና የሚከፋፈለው ሁሉ ከዓይን ያመልጣል። ከዚህ የተሻለውን መንገድ ያመጣው የባዝሉ ፕራይስቨርክ ነው። በ1901 በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጥ ብረት ወደ ጥርሱ ውስጥ አፍስሶ፣ ብረቱ ከረጋ በኋላ ጥርሱን በኬሚካል አሟሟው። የቀረው ብረት የባዶው ቦታ ቅርጽ ነበር። ጊዶ ፊሸርም በ1907 ወደ 700 የሚጠጉ ጥርሶችን በሚረጋ ፈሳሽ ሞልቶ ካጠና በኋላ፣ ነገሩ አንድ ቦይ ሳይሆን የቦዮች ሥርዓት ነው ሲል ደመደመ።

ሥራውን ዳር ያደረሰው ግን በዙሪክ የነበረው ዋልተር ሄስ ነው። ሄስ ወደ 2,800 የሚሆኑ ጥርሶችን ሰብስቦ ለስላሳ ጎማ በግፊት ከሞላባቸው በኋላ ጎማውን በሙቀት አጠነከረው፤ ከዚያም ጥርሱን በአሲድ አሟሟው። ውጤቱን በ1917 በጀርመንኛ አወጣ፤ በ1925 ደግሞ ከኤርንስት ሲዩርኸር ጥናት ጋር ተጣምሮ በእንግሊዝኛ ታተመ። በፎቶግራፎቹ ላይ የሚታየው ቱቦ ሳይሆን የዛፍ ሥርን የሚመስል ነገር ነው። አንዱ ቦይ ሁለት ይሆንና ጫፉ ላይ ሲደርስ እንደገና ይገጥማል። ሁለት ቦዮች በመካከላቸው በስስ መረብ ይገናኛሉ፤ ወደ ሥሩ ጫፍ ሲቃረቡም እንደ ወንዝ አፍ ይበታተናሉ። ሦስት ሥሮች ያሉት የላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ሦስት ቦዮች ብቻ አሉት ይባል የነበረው በብዙዎቹ ላይ አራት ሆኖ ተገኘ።

እንዲህ ያለው ግኝት በደስታ ይቀበሉት ነበር ብለን ብናስብ አይፈረድብንም። ይሁን እንጂ የወጣበት ዘመን መጥፎ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሀንተር በ1910 በሞንትሪያል ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ንግግር ሲያደርግ፣ በበሰበሱ ሥሮች ላይ የወርቅ ሽፋንና ድልድይ የሚሠሩትን የጥርስ ሐኪሞች በብርቱ ነቅፎ፣ ለብዙ የውስጥ ደዌ ምንጩ በአፍ ውስጥ የተደበቀ መመረዝ ነው አለ። ነቀፋው ከፊሉ ተገቢ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የነበረው ሥራ በእርግጥ ንጽሕና የጎደለው ነበርና። ከእርሱ በኋላ የተነሡት ግን ነገሩን ወደ ጠርዝ ገፉት። የሪህ፣ የኩላሊት፣ የልብና የአእምሮ ሕመም ሁሉ መነሻ «ፎካል ኢንፌክሽን» ነው ተባለ፤ ነርቩ የሞተ ጥርስ ሁሉ፣ አንዳንዴም ጤነኛው ጭምር፣ ይነቀል ጀመር። በኒው ጀርሲ የትሬንተን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ኃላፊ የነበረው ሄንሪ ኮተን የሕሙማኑን ጥርሶች ካስነቀለ በኋላ ያልተሻላቸውን እንጥል አጠገብ ካሉት ዕጢዎች እስከ ትልቁ አንጀት ድረስ ያስቆርጥ ነበር። በዚህ ምክንያት ብዙዎች ሞቱ።

የሄስ ፎቶግራፎች በዚህ ክርክር መሐል ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ሆኑ። ነቃዮቹ «ይህን መረብ ማን ሊያጸዳው ይችላል? እንግዲያው ጥርሱን ማውጣት ብቻ ነው» አሉ። ጥቂቶች ደግሞ ከዚያው ፎቶግራፍ በመነሣት ሥራው ከቀድሞው ይበልጥ ጥንቃቄና ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ተረዱ። በእኔ አስተያየት የመጀመሪያዎቹ ጥፋት አናቶሚውን አለማመናቸው አይደለም፤ አምነውት ነበር። የጎደላቸው ጥርሱ ከተነቀለ በኋላ በሽተኛው ይሻለው እንደሆነ መቁጠር ነበር።

ቁጥሩ ዘግይቶ መጣ። ራስል ሴሲል እና አንጀቫይን በ1938 ባወጡት ጥናት፣ ለመገጣጠሚያ ሪህ ሲባል ጥርሳቸው ከተነቀለ 52 ሕሙማን መካከል 47ቱ ምንም አልተሻላቸውም፤ ሦስቱ እንዲያውም ባሰባቸው። ሴሲል ቀደም ሲል ራሱ የዚህ አስተሳሰብ ደጋፊ ስለነበረ ምስክርነቱ ክብደት አለው። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔትም በ1951 ጉዳዩን የሚመረምር ልዩ እትም ካወጣ በኋላ የጅምላ ነቀላው እየቀረ ሄደ።

በዚህ መሐል ሐኪሙ የማያየውን ቦይ እንዲያይ የረዳው ኤክስሬይ ነው። የኒው ኦርሊንሱ ኤድመንድ ኬልስ በ1899 ቀጭን የእርሳስ ሽቦ በሥሩ ቦይ ውስጥ አስገብቶ በኤክስሬይ ፎቶግራፍ ርዝመቱን ለካ። የጨረሩ ጉዳት በማይታወቅበት ዘመን ፊልሙን በገዛ ጣቶቹ ይዞ ያነሣ ስለነበር እጁ በካንሰር ተያዘ፤ ከብዙ ቀዶ ሕክምና በኋላ ክንዱን አጥቶ በ1928 የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። ዛሬ ለጥርስ ሕመምተኛ ኤክስሬይ ስናዝ የዚህን ሰው ስም የምናስታውስ ጥቂቶች ነን።

ለፐልፕ፣ ማለትም በጥርስ ውስጥ ላለው የደም ሥርና ነርቭ ለያዘው ለስላሳ አካል፣ መሞት እውነተኛው ምክንያት በማያሻማ ሁኔታ የተረጋገጠው በ1965 ነው። ካኬሃሺና ባልደረቦቹ ከማንኛውም ጀርም ነጻ በሆነ ቦታ ያደጉ አይጦችንና ተራ አይጦችን ወስደው ጥርሳቸውን እስከ ፐልፑ ቦረቦሩት። በተራዎቹ ላይ ፐልፑ ሞቶ መግል ቋጠረ፤ ጀርም በሌለባቸው ግን የምግብ ፍርፋሪ እየገባበትም ቢሆን ቁስሉ በአዲስ ዴንቲን ተሸፈነ። ስለዚህ ገዳዩ ጀርሙ ነው፤ መደበቂያው ደግሞ ሄስ ያሳየው መረብ ነው።

ከዚህ ለየዕለት ሥራችን የሚተርፍ ነገር አለ። ፐልፑ ከሞተ በኋላ በቦዮቹ ውስጥ የደም ዝውውር የለም። በአፍም ሆነ በመርፌ የምንሰጠው አንቲባዮቲክ እዚያ ሊደርስ የሚችልበት መንገድ ስለሌለ፣ እብጠቱ ጥቂት ቀን ጎድሎ እንደገና የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ ትኩሳት ላለበትና ለሚስፋፋ እብጠት ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ቦዩን መክፈትንና ማጽዳትን፣ ይህ የማይቻል ከሆነም ጥርሱን መንቀልን አይተካም። የታችኛው መንጋጋ ሁለተኛና ሦስተኛ ጥርሶች ሥሮች ጫፍ ብዙውን ጊዜ ከምላስ ሥር ያለው ጡንቻ ከሚጣበቅበት መሥመር በታች ይውላል። ከእነርሱ የሚወጣ መግል በቀጥታ ወደ አገጭ ሥርና ወደ አንገት ይወርዳል። የሽቱትጋርቱ ሐኪም ሉድቪግ በ1836 የገለጸውና በስሙ የሚጠራው አደገኛ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከእነዚህ ጥርሶች ነው። ምላሱ ወደ ላይ የተነሣ፣ ምራቁን መዋጥ ያቃተውና ድምፁ የታፈነ ሕመምተኛ የአንቲባዮቲክ ወረቀት ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድ አይደለም፤ የአየር መተላለፊያው ሳይዘጋ በአፋጣኝ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት መድረስ ይኖርበታል።

የሄስ ሥራ በራሱ ዘመን ሌላም ጥርጣሬ ገጥሞት ነበር። ቅርንጫፎቹ የጎማው ግፊት የፈጠራቸው እንጂ በተፈጥሮ የሌሉ ናቸው ያሉ ነበሩ። ዋይን በ1969 የላይኛውን የመጀመሪያ መንጋጋ 208 የፊት ጉንጭ ሥሮች ቆርጦ ሲመረምር ከግማሽ በሚበልጡት ሁለት ቦዮች አገኘ። ቨርቱቺ በ1984 የቦዮቹን አቀማመጥ በስምንት ዓይነት መደባቸው። ከዚያም ጥርሱን ሳይቆርጥና ሳያሟሟ ውስጡን በሦስት አቅጣጫ የሚያሳየው ማይክሮ ሲቲ መጣ። በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ የሚዞረው ምስልና በ1925ቱ መጽሐፍ ውስጥ ያለው የጎማ ቅርጽ ጎን ለጎን ሲታዩ፣ መረቡም፣ ጎንዮሽ ቅርንጫፎቹም፣ በሥሩ ጫፍ ያለው መበታተንም በሁለቱም ላይ አለ።