ፌስታልን በምን መተካት ይቻላል? የገዳሪፍ ሸማቾች አማራጮች

በምሥራቅ ሱዳን የምትገኘው ገዳሪፍ በሰሊጥና በማሽላ ምርቷ ትታወቃለች። እህሉ ወደ ገበያ የሚጓዘው ደጋግሞ በሚያገለግል ጆንያ ነው። ከገበያ ወደ ቤት ሲገባ ግን ስኳሩ፣ ሽንኩርቱና ቅመሙ ለየብቻ በስስ ፌስታል ይቋጠራል። ፌስታሉም ብዙውን ጊዜ በዚያው ዕለት ይጣላል።

የተጣለው ፌስታል በክረምት የጎርፍ መውረጃዎችን ይደፍናል። ከብቶችና ፍየሎች ከምግብ ትራፊ ጋር ሲውጡት በሆዳቸው ተጠራቅሞ ሊገድላቸው ይችላል። ማቃጠሉም ለጤና ጎጂ የሆነ ጭስ ያወጣል።

ከድንበሩ ማዶ ጉዳዩ የሕግም ነው። ከጋላባት ተሻግሮ መተማ የሚገባ ሸማች ሌላ ሕግ ይጠብቀዋል። የኢትዮጵያ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ የፕላስቲክ ከረጢቶችን የሚከለክል ሲሆን፣ ይዞ የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር እንደሚቀጣ ይደነግጋል።

የቱ ይሻላል?

መልሱ ዕቃው ከተሠራበት ነገር ይልቅ በአገልግሎቱ ብዛት ላይ ይመሠረታል። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.አ.አ. በ2011 ይፋ ባደረገው ጥናት መሠረት፣ የጥጥ ከረጢት በአየር ንብረት ላይ በሚያሳድረው ጫና አንድ ጊዜ ብቻ ከሚያገለግል ፌስታል የተሻለ እንዲሆን ቢያንስ 131 ጊዜ መያዝ አለበት። የወረቀቱ 3 ጊዜ ይበቃዋል፤ ነገር ግን ወረቀት እርጥበት አይችልም።

ስለዚህ ቀዳሚው ምርጫ ቤት ውስጥ ያለው ነው። ለአትክልት ዘንቢል ወይም ሱዳናውያን ‘ቁፋ’ የሚሉት ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ ቅርጫት ይስማማል። ለእህልና ለጥራጥሬ የቃጫ ጆንያ ይመረጣል፤ ‘ማዳበሪያ’ የሚባለው የፕላስቲክ ጆንያ ጠንካራ ቢሆንም ፀሐይ ላይ ሲቆይ እየተበጣጠሰ ከአፈር ጋር ይቀላቀላል። ለዘይት ክዳን ያለው ጠርሙስ ወይም ንጹሕ ጀሪካን ይዞ መሄድ ይቻላል።

ጥንቃቄ

የአረምና የተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን የቱንም ያህል ቢታጠብ ለዘይትም ሆነ ለውሃ መዋል የለበትም።

ፕላስቲክ ሁሉ ግን አይጣልም። አየር የማያስገባ የእህል ከረጢት ነቀዝን አፍኖ ስለሚገድል፣ ለበርካታ ወራት የሚቀመጥ ማሽላ ያለ ኬሚካል እንዲቆይ ያደርጋል። የተበላሸ እህል ያባከነው መሬት፣ ውሃና ጉልበት አንድ ከረጢት ከሚያደርሰው ጉዳት ይበልጣል።