ሐዲዱን ማን ይቀይር ነበር?

ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው የድሮው ምድር ባቡር 784 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። ይህን ሁሉ አገር ያቋርጥ የነበረው ግን አንድ ነጠላ ሐዲድ ነው። ከባሕር ወደ ደጋ የሚወጣውም፣ ከደጋ ወደ ባሕር የሚወርደውም ባቡር በዚያው መስመር ፊት ለፊት ይመጡ ነበር። ሊተላለፉ የሚችሉት ሐዲዱ ወደ ሁለትና ሦስት በሚከፈልበት ጣቢያ ላይ ብቻ ነበር። አንደኛው ገብቶ ጥጉን ይይዝ፣ ሌላኛው ያልፍ ነበር። ታዲያ የትኛው ለየትኛው ይቆም ነበር? ማን ይወስን ነበር? ውሳኔውስ ከአንዱ ጣቢያ ወደሚቀጥለው እንዴት ይደርስ ነበር? በውድቅት ሌሊት ፋኖስ ይዞ ወጥቶ ሐዲዱን የሚቀይረው ሰው የት ቦታ ይቆም ነበር?

ስለ ባቡራችን ብዙ ተጽፏል። አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ስለሰጡት ውል፣ ስለ ፈረንሳዊው ሊዮን ሼፍኖ፣ ኩባንያው ስለ መክሰሩና በሌላ ስለ መተካቱ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን መንግሥታት ስለ ተሻኮቱበት ነገር ሁሉ እናነባለን። ሐዲዱን የሚቀይረው ሰው ግን በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ እምብዛም አይታይም። እሱን አጥብቆ የሚፈልገው ሞዴል ሠሪ ነው። ጣቢያን በትንሹ አድርጎ ከካርቶንና ከእንጨት የሚሠራ ሰው በር የሌለው ግድግዳ፣ ማንሻ የሌለው የሐዲድ መቀየሪያ ሊተው አይችልም። ያላወቀውን ነገር መዝለል ስለማይችል ለማወቅ ይገደዳል። የሞዴል ሥራ ከመዝናኛነት አልፎ የታሪክ ምርምር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን የምጽፈው ከጁባ፣ ከአትላባራ ሰፈር ነው። ጁባ ባቡር አልገባባትም። በዛሬዋ ደቡብ ሱዳን ምድር ሐዲድ የደረሰው እስከ ዋው ብቻ ነው፤ እሱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ከሰሜን፣ በባባኑሳ በኩል የመጣው የሱዳን ባቡር ነው። የሱዳኑ ሐዲድ ስፋት 1,067 ሚሊ ሜትር ነው። የእኛው የድሮው ባቡር ልክ 1,000፣ የምጽዋ–አስመራው ደግሞ 950 ሚሊ ሜትር ነው። ጎረቤታም የሆኑ ሦስት መስመሮች ሦስት ልዩ ልዩ ስፋት ስላላቸው የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ አይሄድም። የሞዴል ሥራ የሚጀምረውም ይህን ስፋት ከማወቅ ነው።

ከስፋቱ ወደ ሐዲድ መቀየሪያው ስንመለስ፣ መቀየሪያው የሚታዘዝበት የባቡር ምልክት ቤት የሚባለው ነገር የተወለደው በእንግሊዝ አገር ነው። በመጀመሪያው ዘመን ባቡርን በባንዲራና በፋኖስ የሚያስቆሙና የሚለቁ ጠባቂዎች በሐዲዱ ዳር ይቆሙ ነበር። በ1856 እ.ኤ.አ. ጆን ሳክስቢ የተባለ እንግሊዛዊ የሐዲድ መቀየሪያውንና ምልክቱን አንድ ላይ የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ ሠርቶ የባለቤትነት መብት አገኘ። ከዚያ በኋላ ማንሻዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ቤት ተሰበሰቡ። ፎቁ ዙሪያውን መስታወት ነው፤ ሠራተኛው ሐዲዱን ወዲያና ወዲህ እያየ ማንሻዎቹን ይስባል። ከሥሩ ባለው ክፍል ማንሻዎቹን እርስ በርስ የሚቆላልፈው ብረት አለ። ሐዲዱ በትክክል ካልዞረ የማለፊያው ምልክት ቢስቡት እሺ አይልም። ማንሻዎቹ እንደየሥራቸው ቀለም አላቸው፤ የማቆሚያው ቀይ፣ ከሩቅ የሚያስጠነቅቀው ቢጫ፣ የሐዲድ መቀየሪያው ጥቁር፣ የቁልፉ ሰማያዊ ነው። ሽሩስበሪ በተባለችው ከተማ በ1903 እ.ኤ.አ. የተሠራውና እስካሁን የቆመው የምልክት ቤት 180 ማንሻ የሚይዝ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የመጣው በደም ነው። በመስከረም 1874 እ.ኤ.አ. በኖርዊች ከተማ አቅራቢያ፣ ቶርፕ ላይ፣ በቴሌግራፍ መልእክት ስሕተት ሁለት ባቡሮች በነጠላ ሐዲድ ተጋጭተው 25 ሰዎች ሞቱ። ኤድዋርድ ታየር ከዚያ ተነሥቶ በ1878 እ.ኤ.አ. አንድ ዘዴ አወጣ። በሁለት ጣቢያዎች መካከል የሚሄድ ባቡር ሹፌር ከብረት የተሠራች ክብ ሰሌዳ በእጁ መያዝ አለበት፤ በሁለቱ ጣቢያ ያሉት ሣጥኖች በኤሌክትሪክ የተያያዙ ስለሆኑ አንዷ ሰሌዳ ከወጣች ሌላ ሰሌዳ አይወጣም። በሰኔ 1889 እ.ኤ.አ. ደግሞ አየርላንድ ውስጥ አርማ ላይ የሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን የጫኑ ፉርጎዎች ከዳገት ወደ ኋላ ተንሸራተው፣ የሰዓት ልዩነት ብቻ ጠብቆ ከኋላ ከተለቀቀው ባቡር ጋር ተላተሙ። 80 ሰው አለቀ። የብሪታንያ ፓርላማ የምልክቱንና የሐዲድ መቀየሪያውን መቆላለፍ ግዴታ ያደረገው በዚያው ዓመት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በገበያ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የምልክት ቤት ሞዴል የእንግሊዝ ሊሆን ይችላል። የድሬዳዋን ወይም የአዋሽን ጣቢያ ሠርቶ አጠገቡ የእንግሊዝ መስታወታም ፎቅ መትከል ግን ታሪክን ማዛባት ነው። መስመራችንን የሠሩት ፈረንሳዮች ናቸው፤ የፈረንሳይ ባቡር ደግሞ የራሱ ሥርዓት ነበረው። የእንግሊዙ ምልክት በእንጨት ላይ የሚንጠለጠል ክንድ ሲሆን፣ የፈረንሳዩ ፍጹም ማቆሚያ በቀይና በነጭ የተዥጎረጎረ አራት ማዕዘን ሰሌዳ ነው። ስለዚህ በማስረጃ ያላዩትን አለመትከል ይበልጣል። በእኛ ጣቢያ ሥራው በጣቢያው ሹም ክፍል፣ በስልክና በእጅ በሚዞር መቀየሪያ ይከናወን ከነበረ፣ ሞዴሉም ያንኑ ማሳየት አለበት።

ማስረጃው ከየት ይገኛል? አንደኛው የድሮ ፎቶግራፍ ነው። ድሬዳዋና ጅቡቲ በፖስታ ካርድ ብዙ ጊዜ ተነሥተዋል፤ ኡግ ፎንቴን በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተመውም መጽሐፍ ስለዚሁ ባቡር ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና ወመዘክር የሚባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትም መፈለጊያ ቦታዎች ናቸው። ፎቶው ከተገኘ መለኪያው እዚያው ውስጥ ነው፤ የእኛ ሐዲድ ስፋት ልክ አንድ ሜትር ነውና። ፎቶ አንሺው ሐዲዱ መካከል ቆሞ ወደ ፊት ያነሣውን ፎቶ ይውሰዱ። ከሐዲዱ ዳር የቆመ የምልክት ዘንግ አለ እንበል። ከዘንጉ ሥር ትይዩ ባለው ቦታ ላይ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ይለኩ። 10 ሚሊ ሜትር ከሆነና ዘንጉ 25 ሚሊ ሜትር ከወጣው፣ እውነተኛው ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል ነው። በ1 ለ 87 ስኬል ሲሠራ ወደ 29 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ አንድ ሜትሩ ሐዲድ ደግሞ 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ለዚህ ስኬል የሚሸጠው ሐዲድም 12 ሚሊ ሜትር ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ መለኪያውና የሚለካው ነገር ከካሜራው እኩል ርቀት ላይ መሆን እንዳለባቸው ነው። ከሐዲዱ ኋላ ርቆ የሚታየውን ግድግዳ በዚህ መለካት አይቻልም፤ ለግድግዳው የበሩን ትክክለኛ ቁመት ማግኘት ያስፈልጋል። ለዚህ ድሬዳዋ ያለ ዘመድ ሜትር ይዞ ሄዶ አንድ በር ቢለካልን በቂ ነው፤ የቀረውን የድንጋዩን ረድፍ በመቁጠር እናወጣዋለን። የግቢውን አቀማመጥ ደግሞ ከሳተላይት ምስል ላይ ጁባ ተቀምጦም ማንበብ ይቻላል።

ሁለተኛው ማስረጃ ሰው ነው። ጁባ ውስጥ የድሬ ልጅ አይጠፋም፤ አባቱ ወይም አጎቱ ምድር ባቡር የሠራ ሰውም እንዲሁ። ለጡረተኛው አባት ግን «የባቡሩን ታሪክ ይንገሩኝ» ቢሏቸው ሁላችንም የምናውቀውን ይነግሩናል። «ጋሼ፣ ሌሊት ባቡር ሲመጣ የት ይቆሙ ነበር? በእጅዎ የያዙት ፋኖስ ቀለሙ ምን ነበር? ከሚቀጥለው ጣቢያ ማን ይደውል ነበር? የተደወለውስ በየትኛው መዝገብ ይጻፍ ነበር?» ብሎ የጠየቀ ግን በየትም መጽሐፍ የሌለ ነገር ይዞ ይወጣል።

ሦስተኛው ጉዳይ ዓመት መምረጥ ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በታኅሣሥ 1895፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የምናውቀው የአዲስ አበባው ጣቢያ የለገሃር ሕንፃ፣ የፖል ባሪያ ንድፍ፣ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። ሊቶሪና የተባለውን ባለሞተር የመንገደኛ ፉርጎ ያመጡት ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ናቸው፤ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ሊቶሪና በ1909 ጣቢያ ላይ ሊቆም አይችልም። ዓመቱ ካልታወቀ ሞዴሉ ምንም ቢያምር የታሪክ ምስክር አይሆንም።

አንባቢ «ይህ ሁሉ ለአሻንጉሊት?» ሊል ይችላል። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ኩርባውን ፍጥነቱን ሳይቀንስ ይዞ ከሐዲድ ወጣና ከ400 የሚበልጡ ወገኖቻችን አለቁ። ባቡር ላይ የሰው ሕይወት የሚንጠለጠለው በሞተሩ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ በማቆሚያው፣ በማስጠንቀቂያው ሰሌዳ፣ በሐዲድ ቀያሪው እጅም ላይ ነው። ይህን ትንሽ ዕቃ ማጥናት የሰውን ሕይወት ይጠብቅ የነበረውን ሥራ ማክበር ነው።

ጊዜው ግን እየሄደ ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመርቋል፤ ጣቢያዎቹም ሌላ ቦታ ናቸው። የለገሃር አካባቢ በትልቅ የግንባታ ዕቅድ ውስጥ ገብቷል። ትልልቆቹ ሕንፃዎች ጠበቃ አያጡም፤ የምልክት ዘንጉ፣ የቀያሪው ጎጆ፣ የስልኩ ክፍል ግን ብረቱ ለቁራሊዮ፣ ድንጋዩ ለአጥር ይሄዳል። ብሪታንያ በ2013 እ.ኤ.አ. በአንድ ጊዜ 26 የምልክት ቤቶችን በቅርስነት መዝግባለች። ለእኛ ግን ከሕጉ መለካቱ ይቀድማል።

ድሬዳዋ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ፣ መተሐራ፣ ሞጆ ያላችሁ ወገኖች፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሜትር ይዛችሁ ወደ አሮጌው ጣቢያ ውጡ። በሩን፣ መስኮቱን፣ የተረፈውን ማንሻ ለኩ፤ ግድግዳውን ፊት ለፊት አንሱት፤ ቀኑንና ቦታውን ጻፉበት። ከሽማግሌዎቹ የሰማችሁትን በፈቃዳቸው ቅዱ፤ አንዱን ቅጂ ለኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ስጡ። ሞዴሉን ከጁባም ከየትም የምንሠራው ሰዎች አንጠፋም፤ ልኩን ማግኘት የምትችሉት ግን እዚያው ያላችሁት እናንተ ናችሁ።