ኪርያላይሶን በአራዳ

በስቅለት ዓርብ በምኒልክ አደባባይ የሚያልፍ ሰው ከአራዳ ጊዮርጊስ ቅጥር የሚወጣውን ድምፅ ሳይሰማ አይሄድም። ነጠላውን ያጣፋ ሕዝብ ከጠዋት ጀምሮ ይወድቃል፣ ይነሣል፤ በአፉም አንድ ቃል ይመላለሳል፤ ኪርያላይሶን። ግእዝ የሚመስለው ብዙ ነው።

ቃሉ የግሪክ ነው። «ኪርዬ» ጌታ ሆይ ማለት ሲሆን፣ «ኪርዮስ» የሚለው ስም ለጥሪ ሲውል ጫፉ ተለውጦ የተገኘ ነው፤ የእኛው እግዚእ «እግዚኦ» እንደሚባለው። ጉዱ ያለው ተከታዩ ግሥ ላይ ነው።

ግሡ «ኤሌኦ» ይባላል፤ እምራለሁ ማለት ነው። የጥንት ግሪኮች ለልመናና ለትእዛዝ ሁለት መልክ ነበራቸው። «ኤሌኢ» ቢሉ ምሕረትህ አይቋረጥ፣ «ኤሌኤሶን» ቢሉ ደግሞ አሁኑኑ ማር፣ ፈጽመህ ማር ማለታቸው ነው። አማርኛ ሁለቱንም በአንድ «ማር» ይጠራቸዋል፤ ያውም ከንብ ማር ጋር እያምታታ። በኋላ ዘመን የግሪኮቹ አነጋገር ሲለወጥ መካከለኛው «ኤ» ወደ «ኢ» ዞረና «ኤሌኢሶን» ተባለ። ሁለቱ ቃላት በኢትዮጵያውያን አፍ ሲገጥሙ ኪርያላይሶን ሆኑ።

ልብ ላለው ሰው አንድ ነገር ይጎድላል፤ ማንን ይማር? ግሪኩ አይናገርም። ግእዙ ግን «መሐረነ» ብሎ «እኛን» ይጨምራል። በሰሙነ ሕማማት ከኪርያላይሶን ጋር የሚሰማው «ናይናን»ም «ማረን» የሚል የቅብጥ ቃል ነው። ልመናው በግብጽ በኩል ማለፉን ይህ ቃል ይመሰክራል።

በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ኢየሩሳሌምን የተሳለመችው ኤጌርያ፣ ዲያቆኑ ስም በጠራ ቁጥር ሕፃናት ኪርዬ ኤሌኢሶን እያሉ ሲመልሱ ሰምታ ጽፋለች። ግሪክኛ ለእኛም አገር እንግዳ አልነበረም፤ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ አክሱም ላይ ንጉሥ ኢዛና ድሉን በግእዝም በግሪክም በድንጋይ አስቀርጾ ነበር። የሮማ ቅዳሴም በላቲን መካከል ይህን የግሪክ ልመና ሳይተረጉም አቆይቶታል።

አርስጣጣሊስ «ኤሌኦስ»ን፣ ምሕረት የምንለውን፣ ሲተረጉም ያለበደሉ መከራ የወደቀበትን ሰው አይቶ ማዘን ነው ብሎ ነበር። ቃሉ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ይህን ቅድመ ሁኔታ ደጅ ጥሎ ገባ። አራዳ ላይ የሚሰግደው ሰው በደለኛ ነኝ ባይ ነው፤ ማምሻውን ካህኑ በወይራ ቅጠል ሲጠበጥበው ራሱን ዝቅ አድርጎ ይቀበላል።

ከዚያው «ኤሌኦ» ከሚለው ግሥ ግሪኮች «ኤሌኢሞሲኒ»ን አወጡ፤ ምጽዋት ማለት ነው። ሰጋጁ ጉልበቱን እያሸ ሲወጣ፣ የጊዮርጊስ ደጃፍ ላይ የተቀመጡት ነዳያን እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቁታል።