አፈር እንዴት ይፈጠራል? የአለት፣ የዝናብና የዘመናት ሥራ

አፈር ከደቀቀ አለት፣ ከበሰበሰ የዕፅዋትና የእንስሳት ቅሪት፣ ከውኃ፣ ከአየርና ለቁጥር ከሚታክቱ ጥቃቅን ሕያዋን የተዋቀረ የተፈጥሮ ሀብት ነው። ለእርሻ በሚመች አፈር ውስጥ ግማሽ ያህሉ ጠጣር ክፍል ሲሆን፣ ቀሪው ግማሽ ውኃና አየር የሚፈራረቁበት ክፍት ቦታ ነው። ከጠጣሩ ክፍል አብዛኛው ከአለት የተገኘ ማዕድን ነው፤ ብስባሹ በአብዛኛው ከአፈሩ 5 በመቶ እንኳ አይሞላም። ይሁን እንጂ የአፈሩ ለምነት በእጅጉ የሚወሰነው በዚህ አነስተኛ ድርሻ ነው።

ሩሲያዊው ተመራማሪ ቫሲሊ ዶኩቻዬቭ እ.ኤ.አ. በ1883 ባሳተመው ጥናቱ አፈር እንዲያው የተፈጨ ድንጋይ ሳይሆን የራሱ የአፈጣጠር ሕግ ያለው አካል መሆኑን አስረድቷል። የስዊዘርላንድ ተወላጁ ሳይንቲስት ሃንስ ጄኒ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1941 አፈርን የሚቀርጹትን አምስት ምክንያቶች በአንድ ቀመር አቀናጅቷል። እነርሱም መገኛ አለት፣ የአየር ንብረት፣ ሕያዋን ነገሮች፣ የመሬት አቀማመጥና ጊዜ ናቸው።

መገኛ አለት

አብዛኛው የኢትዮጵያ ሰሜናዊ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ፈንቅሎ በወጣ የቀለጠ አለት የተሸፈነ ነው። ይህ ቅላጭ ቀዝቅዞ የተፈጠረው ባዛልት ብረት፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም በብዛት ስለያዘ፣ ሲፈርስ ሸክላማ የሆነ ከባድ አፈር ይሰጣል። በአንጻሩ በአዲግራት አካባቢ እንደሚገኘው ያለ የአሸዋ ድንጋይ ሲፈርስ የሚተወው ውኃ ቶሎ የሚያሳልፍ አሸዋማ አፈር ነው።

የአየር ንብረትና ሕያዋን

አለት የሚፈርሰው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው መሰነጣጠቅ ነው፤ የቀን ሙቀትና የሌሊት ቅዝቃዜ ሲፈራረቁ ድንጋዩ ይደክማል። እንደ ሰሜን ተራሮች ባሉ ውርጫማ ቦታዎች ደግሞ በስንጥቅ ውስጥ የገባ ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር አለቱን ይፈለቅቀዋል። የዛፍ ሥርም በስንጥቁ ገብቶ ሲወፍር ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

ሁለተኛው መንገድ የማዕድናቱ ባሕርይ መለወጥ ነው። የዝናብ ውኃ ከአየርና ከሥሮች ትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀላቀልበት ለስላሳ አሲድ ይሆናል። ይህ ውኃ ማዕድናቱን ቀስ በቀስ ወደ ሸክላ ይለውጣል። በውስጣቸው ያለው ብረት ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ደግሞ አፈሩ ቀይ ቀለም ይይዛል።

ዝናብ በበዛበት ደጋ ይህ ሂደት ሌላ መዘዝ አለው። ውኃው ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ፖታሲየም አጥቦ ይወስዳል፤ አሉሚኒየም ግን ይቀራል፤ አፈሩም አሲዳማ ይሆናል። በምዕራብ ጎጃም፣ በአዊና በወለጋ ብዙ አርሶ አደሮች ማሳቸውን በኖራ የሚያክሙት በዚህ ምክንያት ነው።

ሕያዋን ነገሮች በበኩላቸው ብስባሽ ይፈጥራሉ። የምድር ትልና ምስጥ አፈሩን እየፈለፈሉ ለአየርና ለውኃ መንገድ ይከፍታሉ፤ ባክቴሪያና ፈንገስ ቅጠሉንና ገለባውን አድቅቀው ለተክል ምግብነት ያበቁታል። በባቄላ፣ በአተርና በሽምብራ ሥር ላይ በሚገኙ እባጮች የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ደግሞ ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ለተክሉ ያቀርባሉ፤ ሰብሉ ሲነሳ ከሥሩና ከቅጠሉ የሚቀረው ለአፈሩ ይተርፋል። እህልና ጥራጥሬን ማፈራረቅ ለመሬቱ የሚበጀው አንድም በዚህ ነው።

አቀማመጥ

በአንድ ተራራ ግርጌና አናት የሚታየው አፈር የተለያየ የሚሆነው ውኃ በየደረጃው የተለያየ ሥራ ስለሚሠራ ነው። በተዳፋቱ ላይ አፈሩ ስስና ድንጋያማ ነው፤ ውኃ በሚያሰርገው መካከለኛ ቦታ ጥልቅ ቀይ አፈር ይገኛል። በሜዳው ላይ ከላይ የታጠቡት ማዕድናት ተጠራቅመውና ውኃ ተኝቶ ጥቁሩ ዋልካ ይፈጠራል። የዋልካ ሸክላ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የላዩም አፈር በስንጥቁ እየገባ ራሱን በራሱ ያገላብጣል። አርሶ አደሮች ዝናቡ ሊወጣ ሲል በዋልካ ላይ ሽምብራና ጓያ የሚዘሩት እርጥበቱን ለረጅም ጊዜ ስለሚይዝ ነው።

ወንዞችም አፈር ያጓጉዛሉ። የርብና የጉማራ ወንዞች ከላይ ካሉት ኮረብታዎች ያመጡት ደለል ሩዝ የሚበቅልበትን የፎገራ ሜዳ አልብሷል።

ጊዜ

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር እስኪፈጠር እስከ 1 ሺህ ዓመት ሊወስድ ይችላል። መጥፋቱ ግን ፈጣን ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው የሃንስ ሁርኒ ጥናት በኢትዮጵያ ከታረሰ መሬት በዓመት ከአንድ ሄክታር በአማካይ 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምቷል። ይህም ወደ 4 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ነው። ከዚህ ውስጥ ከፊሉ ከታች ባለው ማሳ ላይ ቢቀርም፣ በዚህ መጠን የሚታጠብ ተዳፋት በ1 ሺህ ዓመት የተገኘውን አፈር በስድስትና በሰባት ዓመት ሊያጣ ይችላል። አደጋው የሚከፋው በክረምቱ መግቢያ፣ ማሳው በተደጋጋሚ ታርሶ ገና በቡቃያ ሳይሸፈን ነው።

ስለዚህ እርከን መሥራት የጎርፉን ጉልበት ይሰብራል፤ ገለባን በማሳው ላይ መተው መሬቱን ያለብሳል፤ ለኩበት የሚውለውን እበት ወደ ማሳ መመለስም ብስባሹን ይተካል። ጉዳዩ የገጠሩ ብቻ አይደለም። ከተዳፋቱ የታጠበው አፈር የከተማ ቦዮችን ይደፍናል፣ ግድቦችንና ሐይቆችን በደለል ይሞላል፤ የማሳው ምርት ሲቀንስም የከተማው ገበያ ይወደዳል።