«ኦሮማይ» እና ስም አዳኞቹ

ስለ በዓሉ ግርማ በተወራ ቁጥር ጨዋታው ከመጻሕፍቱ ሸርተት ይልና ወደ አንዲት ምሽት ያመራል። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም፤ ቮልስዋገን መኪናው ከከተማው ወጣ ብላ ቆማ ተገኘች፤ መቃብሩ ግን እስከ ዛሬ አይታወቅም። ይህን ሐዘን የሚያቃልል ልብ የለኝም። ሆኖም የደራሲው ዕጣ ድርሰቱን እንደ ጋረደብን ከተሰማኝ ቆይቷል።

በ1974 ዓ.ም. ደርግ የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻን በኤርትራ ሲያውጅ ሹሙም ካድሬውም፣ ወታደሩም ጋዜጠኛውም ወደ አስመራ ተመመ። በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊ የነበረው በዓሉም ለፕሮፓጋንዳው ሥራ አብሮ ዘመተ። ናቅፋ ሳትያዝ ቀረች። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» በመንግሥት አሳታሚ በኩራዝ ታትሞ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ከየመደብሩ ተለቅሞ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም ከሥራው ተሰናበተ። ርእሱ ከጣሊያንኛ ተወርሶ አስመራ ላይ የሚነገር ቃል ነው፤ «አበቃለት፣ ከእንግዲህ ወዲያ የለም» እንደ ማለት።

መጽሐፉ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አንድ ጨዋታ አብሮት ዞረ፤ «ይህኛው ገጸ ባሕርይ እገሌ ነው፣ ያኛው እገሌ ነው» የሚል። ጨዋታው ዛሬም አላባራም። በዓሉ ራሱ ለዚህ በር መክፈቱ አይካድም፤ «ደራሲው» ውስጥ ሲራክን ያገኘ አንባቢ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን ሳያስብ አያልፍም። እኔ ግን ቀን ቀን በባንክ መስኮት ተቀምጬ ፊርማን ከፊርማ የማመሳክር ሰው ነኝና ማታ ልብ ወለድ ስገልጥ ያንኑ ሥራ መድገም አያምረኝም። ደግሞስ መጽሐፉን ያሰበሰቡት ሹማምንት በየገጹ ራሳቸውን ፍለጋ እንጂ በሌላ መንገድ ያነበቡት ይመስላችኋል? ስም አዳኙ አንባቢ፣ ሳያውቀው ከእነሱ ጎን ተቀምጦ ያነብባል።

ታዲያ ምን እናንብብ? እኔ ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ የተራኪው ሙያ ነው። ጸጋዬ ኃይለማርያም የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው። በዚያ ዘመን አገሪቱ የነበራት የቴሌቪዥን ጣቢያ አንድ ብቻ፣ እሱም የመንግሥት ነበር፤ ጦርነቱ በዚያ መስኮት የሚታየው በድል ዜማ ታጅቦ ነው። በዓሉ የውጊያውን ታሪክ ለአንድ ተራ ወታደር ሊያስተርከው ይችል ነበር፤ ለቆሰለ መቶ አለቃ፣ ልጇ ለዘመተባት እናትም እንዲሁ። እሱ ግን የመረጠው ምስሉን የሚያቀናብረውን ሰው ነው፤ ያውም በአንደኛ መደብ፣ «እኔ» እያለ። በዚህ ምርጫ ካሜራው ዞረ። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ስብሰባ፣ የሹማምንቱ ሽኩቻ፣ የአስመራ ምሽት፣ ከጦር ሜዳ የሚመጣው ወሬና ከዚያ ወሬ ተመርጦ የሚነገረው ሁሉ ብርሃን ወደቀበት።

ጸጋዬ ደግሞ የዋህ አይደለም። ዘመቻውን ያምንበታል፤ ቢያንስ ሊያምንበት ይፈልጋል። ሥራውን ይችልበታል። አዲስ አበባ ላይ እጮኛው ሮማን እየጠበቀችው አስመራ ላይ በፊያሜታ ፍቅር ይወድቃል፤ በፍቅሩም በሥራውም የሚደብቀው ነገር አለው። ብዙዎች የፍቅሩን ታሪክ ለማጣፈጫ የገባ ቅመም አድርገው ያዩታል፤ እኔ አልስማማም። ለሮማን ምን እንደሚነግራትና ምን እንደሚያስቀርባት የሚያሰላው ሰው ለሕዝብ የሚነገረውን የሚያሰላው ያው ሰው ነው።

«መነን»ን፣ «አዲስ ሪፖርተር»ን፣ «አዲስ ዘመን»ን በአዘጋጅነት የመራው በዓሉ ዜና እንዴት እንደሚሰፋና እንደሚጠብብ የሚያውቅ ባለሙያ ነበር። ስለዚህ ስም አዳኞቹ ያለፉት ዋናው ተከሳሽ የደራሲው የገዛ ሙያ ይመስለኛል። ጄኔራልን መንቀፍ ድፍረት ነው። ራሱ ሲያገለግለው የኖረውን የመንግሥት አንደበት ከውስጥ ከፍቶ ማሳየት ግን ሌላ ዓይነት ድፍረት ነው።

በ2017 ዓ.ም. «ኦሮማይ» በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ተተርጉሞ በእንግሊዝኛ ለገበያ ቀረበ። ወዳጆቼ «ፈረንጅ ምኑን ይረዳዋል? ማን ማን እንደ ሆነ እንኳ አያውቅ» ይላሉ። እኔ በዚያ አንባቢ እቀናለሁ። የሹሙን እውነተኛ ስም ቢነግሩትም ምንም አይለውም፤ ወደ አስመራ የሚጓዘው ከጸጋዬ ጋር ብቻ ነው።