ባለኅብር ሰንፔር

ባለኅብር ሰንፔር ከሰማያዊው በቀር ያለውን የሰንፔር ወገን ሁሉ የሚያጠቃልል ስያሜ ነው። ቢጫው፣ አረንጓዴው፣ ሮዙ፣ ብርቱካናማው፣ ሐምራዊው፣ ቀለም አልባውና ከብርሃን ብርሃን መልኩን የሚለውጠው ሁሉ በዚህ ስም ሥር ይገባል። የዓለም ገበያ «ፋንሲ ሳፋየር» ይለዋል። «ፋንሲ» ለአማርኛ ጆሮ ከማዕድን ይልቅ ልብስና ፋሽን ስለሚያስታውስ ለዚህ ድንጋይ አይመችም። «የጌጥ ሰንፔር» እንዳይባል ሰማያዊውም ያው ጌጥ ነው፤ «ባለብዙ ቀለም» ቢባል ደግሞ አንዱ ድንጋይ ብቻውን ብዙ ቀለም የያዘ ያስመስላል። ኅብር በግእዝ ቀለም ማለት ስለሆነ «ባለኅብር» የተሻለ ነው። በዲማ ጊዮርጊስ ወይም በሌላ የጎጃም ጉባኤ ቤት ቅኔ የቆጠረ ሰው ኅብር ሲባል ቀድሞ የሚመጣለት አንድ ቃል ሁለት ምሥጢር የሚይዝበት የቅኔ ዓይነት ይሆናል፤ ቢሆንም በሁለቱ መካከል ጠብ የለም።

ሰንፔር የሚለው ስም ራሱ አዲስ አይደለም። በኦሪት ዘፀአት ከሊቀ ካህናቱ የደረት ኪስ ፈርጦች አንዱ ነው፤ በዮሐንስ ራእይ ደግሞ ከአዲሲቱ ኢየሩሳሌም መሠረቶች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ነገር ግን የጥንቶቹ ጸሐፊዎች በዚህ ስም የጠሩት ድንጋይ ዛሬ ሰንፔር የሚባለው እንዳልሆነ የማዕድን አዋቂዎች ይስማማሉ። የሮማው ፕሊኒ የገለጸው ወርቃማ ነጠብጣብ ያለበትን ሰማያዊ ድንጋይ ነው፤ መጽሐፈ ኢዮብም ሰንፔርን ከወርቅ ብናኝ ጋር አያይዞ ያነሣዋል። ይህ መልክ የላፒስ ላዙሊ ነው። በላፒስ ውስጥ ወርቅ መስሎ የሚያብለጨልጨው ፓይራይት የተባለ የብረትና የድኝ ውሁድ ነው። ስሙ ወደ ዛሬው ድንጋይ የተሸጋገረው ከዘመናት በኋላ ነው።

የዛሬው ሰንፔር ኮረንደም ከሚባለው ማዕድን ይመደባል። ኮረንደም አሉሚኒየምና ኦክስጅን ብቻ የተዋሐዱበት ሲሆን፣ በሞዝ የጥንካሬ መለኪያ 9ኛ ደረጃ ላይ ይቀመጣል፤ ከእርሱ በላይ ያለው አልማዝ ነው። ክብደቱ በመጠን እኩያው ከሆነው ውኃ አራት እጥፍ ነው። ጌጥ የማይሆነው ተራ ኮረንደም ተፈጭቶ እንጨት ማለስለሻና ብረት መሳያ ሲሆን ኖሯል፤ ዛሬም በብርጭቆ ወረቀት ላይ ተለጥፎ ከአናጺ እጅ የማይጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ነው። ቀዩ ኮረንደም ሩቢ ተብሎ ለብቻው ስም ወጣለት፤ የቀረው ሁሉ ሰንፔር ነው።

ንጹሕ ኮረንደም ቀለም የለውም። ቀለሙ የሚመጣው ክሪስታሉ ሲያድግ የአሉሚኒየምን ቦታ ከያዙ ጥቂት የሌላ ንጥረ ነገር አተሞች ነው፤ መጠናቸውም አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ክሮሚየም ከብርሃኑ አረንጓዴውንና ወይን ጠጁን ይውጥና ቀዩን ያሳልፋል፤ ብዙ ከሆነ ሩቢ፣ ጥቂት ከሆነ ሮዝ ሰንፔር ይሆናል። ብረትና ታይታኒየም ጎን ለጎን ሲገኙ በመካከላቸው ኤሌክትሮን ይሻገራል፤ ይህ መሻገር ቀዩንና ቢጫውን ብርሃን ስለሚበላ ድንጋዩ ሰማያዊ ይመስላል። ብረት ብቻውን ሲሆን ቢጫ ያወጣል። አረንጓዴው የሰማያዊውና የቢጫው ድምር ነው፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ቀለሞች በስስ ንብርብር ተደራርበው ይገኛሉ። ሐምራዊው ክሮሚየሙም ብረትና ታይታኒየሙም በአንድነት የሠሩት ነው።

ቢጫ ሁሉ ግን ከብረት አይመጣም። በስሪላንካ ብረት የሌለበት ለማለት የሚያስደፍር ቢጫ ሰንፔር አለ፤ ቀለሙም በክሪስታሉ ውስጥ በጨረር ከተፈጠረ ጉድለት የመጣ ነው። ይህን ያዩ ሰዎች ነጣ ያለ ድንጋይ በጨረር መትተው ቢጫ ማድረግ ችለዋል፤ እንዲህ የተገኘው ቢጫ ግን ፀሐይ ላይ ሲውል የሚለቅበት ጊዜ አለ።

ከባለኅብሮቹ ሁሉ ብዙ የሚያከራክረው ፓድፓራድሻ ነው። ስሙ የስሪላንካውያን ሲሆን ምንጩ የሳንስክሪቱ የሎተስ አበባ ቀለም የሚል ሐረግ ነው። ድንጋዩ ሮዝም ብርቱካናማም ነው፤ አንዱ ሌላውን እንዳይጫነው፣ ቀለሙም እንዳይጠቁር ይፈለጋል። ሮዙ ከክሮሚየም፣ ብርቱካናማው ከቢጫው ምክንያት ጋር ሲደባለቅ ይገኛል። ወሰኑ የት ጋ እንደሆነ ላቦራቶሪዎች ሙሉ በሙሉ አይስማሙም፤ ዋጋው ግን በዚያ ወሰን ወዲያና ወዲህ እጅግ ይራራቃል። ሮዝ ሰንፔር የት ላይ አብቅቶ ሩቢ የት ላይ እንደሚጀምርም ክርክሩ ያው ነው፤ ሻጭ ወደ ሩቢው፣ ገዥ ወደ ሮዙ ቢያደላ አይገርምም።

ሌሎቹ በአጭሩ ይበቃቸዋል። መልኩን የሚለውጠው ሰንፔር በቀን ብርሃን ሰማያዊ፣ በአምፖል ወይም በሻማ ብርሃን ሐምራዊ ይሆናል፤ ባለኅብር የሚለው ስም በቅኔውም ፍቺ ከሁሉ ይልቅ ለእርሱ ይገባዋል። ባለኮከቡ ሰንፔር በውስጡ በሦስት አቅጣጫ የተደረደሩ እጅግ ቀጫጭን መርፌ መሰል ማዕድናት ያሉበት ነው፤ ጉልላት ሆኖ ሲቀረጽ በላዩ ባለስድስት ጨረር ኮከብ ይታያል። ቀለም አልባው ለረጅም ጊዜ የአልማዝ ተተኪ ሆኖ ኖሯል፤ ብልጭታው ግን ከአልማዝ በጣም ያንሳል።

በኢትዮጵያ ለገበያ የበቃ ሰንፔር የታወቀው በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ላይ በትግራይ፣ ከአክሱም ሰሜን ምዕራብ ጭላ አካባቢ፣ ሰዎች በእጅ መሣሪያ ደለል እየቆፈሩ ማውጣት ጀመሩ። የሚበዛው ሰማያዊ ነው፤ አረንጓዴና ቢጫ፣ አንዳንዴም በአንዱ ድንጋይ ላይ ሰማያዊና ቢጫ ተከፋፍለው የተቀመጡበት ይገኛል። ብረት ስለሚበዛበት ብዙው ጠቆር ይላል። ሰንፔሩን ወደ ምድር ገጽ ያወጣው ባዛልት ነው፤ ከእንዲህ ያለ ስፍራ አረንጓዴና ቢጫ መምጣቱ የተለመደ ሲሆን ሮዝና ፓድፓራድሻ እምብዛም አይጠበቅም። እነርሱ ክሮሚየም የሚሹ፣ ብረት የሚሸሹ ናቸውና እንደ ስሪላንካና ማዳጋስካር ካለ በሙቀትና በግፊት ከተለወጠ ጥንታዊ ዐለት ይወጣሉ።

እዚህ ላይ በጎጃም ደጋ የሚኖር ሰው አንድ ጥያቄ ቢያነሣ አይፈረድበትም። ከደብረ ማርቆስ እስከ ዲማ፣ ከዚያም እስከ ዓባይ ሸለቆ አፋፍ ድረስ የሚረገጠው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፤ ታዲያ ሰንፔር ለምን አይኖርበትም? መልሱ ሰንፔር በባዛልት ውስጥ አለመፈጠሩ ነው። በጥልቅ መሬት የተፈጠረውን ክሪስታል ባዛልቱ እየፈነቀለ ይዞት ይወጣል። ይህን የሚያደርገው ደግሞ ሶዲየምና ፖታሲየም የበዛበት፣ ከጥልቁ ሳይዘገይ በፍጥነት የሚወጣ ዓይነት ነው። የደጋውን ጣሪያ የሠራው፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደ ጎርፍ አገር ያለበሰው ባዛልት በአብዛኛው ከዚህ ዓይነት አይደለም። የአማራ ክልል የታወቀበት የከበረ ድንጋይ የደላንታው ኦፓል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ይህ ድንጋይ ሲሊካና ውኃ እንጂ ከኮረንደም ጋር ዝምድና የለውም፤ ጥንካሬውም ወደ 6 ገደማ ነው።

ከመሬት የወጣ ሰንፔር አብዛኛውን ጊዜ እንዳለ አይሸጥም። በከፍተኛ ሙቀት እሳት ይገባና ቀለሙ ይጠራል፤ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የታይላንድ ነጋዴዎች ወተት መሳይ የስሪላንካ ድንጋይ እየገዙ በእሳት ሰማያዊ ያደርጉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ደግሞ በዚያው በታይላንድ፣ ድንጋዩ ሲሞቅ ቤሪሊየም እንዲሰርግበት ማድረግ ተጀመረ። ውጤቱ ደማቅ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ፓድፓራድሻ መሳይ ስለነበር ብዙ ገዥ ተታለለ። ይህን በአጉሊ መነጽር ማረጋገጥ አስቸጋሪ ነው፤ ቁርጡን የሚናገረው የላቦራቶሪ መሣሪያ ነው።

ሰው ሠራሹ ሰንፔር ከዚህ ሁሉ የተለየ ነገር ነው። መሥራቹ ፈረንሳዊው ኬሚስት ኦጉስት ቬርኔይ ሲሆን፣ ሩቢ የሚያበቅልበትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1902 ይፋ አደረገ። ዘዴው ዛሬም እምብዛም አልተለወጠም። ከአሞኒየም አልም ተቃጥሎ የተገኘ እጅግ የላመ ነጭ የአሉሚና ዱቄት ታቹ ወንፊት በሆነ ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። አንዲት ትንሽ መዶሻ ዕቃውን በየጊዜው ትመታለች፤ በመታች ቁጥር ጥቂት ዱቄት ይረግፋል። ዱቄቱ ከኦክስጅን ጋር ቁልቁል ወርዶ ከሃይድሮጅን ነበልባል ውስጥ ሲገባ፣ ሙቀቱ ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሆነ፣ በመውረድ ላይ ሳለ ይቀልጣል። ከታች የሸክላ ዘንግ ቆሟል፤ ጠብታዎቹ በጫፉ ላይ አርፈው ይረጋሉ። ዘንጉን ክሪስታሉ ባደገ መጠን ዝቅ እያደረጉ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አንድ «ቡል» ያወጣሉ፤ ከታች ሹል፣ ከላይ ሰፋ ያለ፣ መሬት ውስጥ እንዳለ ካሮት ይመስላል። በውስጡ ብዙ ውጥረት ስለሚቀር ጫፉ ሲመታ ቁመቱን ይዞ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ፈርጥ የሚቆረጠው ከእነዚህ ግማሾች ነው።

ሩቢው ቀላል ነበር፤ ክሮሚየም ጨምሮ ማቅለጥ በቂ ነው። ሰማያዊው ግን ለጥቂት ዓመታት አስቸገረ። ኮባልት ሰማያዊ ያደርጋል ተብሎ ሲሞከር ቀለሙ አልሠራጭ አለ፤ እንዲሠራጭ ማግኒዥየም ሲጨመርበት የተገኘው ኮረንደም ሳይሆን ስፒኔል የተባለ ሌላ ማዕድን ሆነ። ይህ የስሕተት ልጅ የሆነው ሰማያዊ ስፒኔል ዛሬም በርካሽ ቀለበት ላይ ተሰክቶ ሰንፔር ተብሎ ይሸጣል። ቬርኔይ የተፈጥሮውን ድንጋይ አስመርምሮ ብረትና ታይታኒየም መሆናቸውን ካወቀ በኋላ፣ በ1910 እና 1911 ገደማ እ.ኤ.አ. ሰማያዊው ተሳካ። ለባለኅብሮቹ ግን አምራቾች ተፈጥሮን መከተል አላስፈለጋቸውም፤ ቢጫውን በኒኬል፣ ብርቱካናማውን በኒኬልና በክሮሚየም፣ መልኩን የሚለውጠውን በቫናዲየም ያወጡታል። የቫናዲየሙ ግራጫ ሰማያዊና ሐምራዊ የሚፈራረቅበት ሲሆን፣ አሌክሳንድራይት ነው እየተባለ ብዙ ቱሪስት ገዝቶታል። ባለኮከቡን የአሜሪካው ሊንዴ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1947 ለገበያ አቀረበ።

ሌሎችም ዘዴዎች አሉ። አሉሚና በሌላ ቀላጭ ጨው ውስጥ ሟሙቶ ቀስ በቀስ እንዲረጋ ሲደረግ ወራት የሚፈጅ፣ ከተፈጥሮው ለመለየት የሚያስቸግር ክሪስታል ይገኛል። የፖላንዱ ያን ቾክራልስኪ ዘዴ ክሪስታሉን ከቀለጠው ውስጥ ስቦ ያወጣል። ኪሮፑሎስ በሚባለው ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎግራም የሚመዝን ቀለም አልባ ሰንፔር ያድጋል፤ ይህ የሰዓት መስታወት፣ የስልክ ካሜራ ሽፋንና የኤልኢዲ አምፖል መነሻ ሰሌዳ ይሆናል። ሰንፔር የማያውቅ የሚመስለው ብዙ ሰው በኪሱ ወይም በእጁ አንድ ይዞ የሚዞረው በዚህ ምክንያት ነው።

በአማርኛ «አርቴፊሻል» የሚለው ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ያፍሳል፤ ሊለያዩ ይገባል። ሰው ሠራሽ ሰንፔር በቅንብሩም፣ በጥንካሬውም፣ በክብደቱም እውነተኛ ኮረንደም ነው፤ የጎደለው የምድር ትውልድ ብቻ ነው። ማስመሰያ ግን መልኩን እንጂ ባሕርዩን አልወሰደም፤ ባለቀለም ብርጭቆ፣ ስፒኔልና ኪዩቢክ ዚርኮኒያ ከዚህ ይመደባሉ። የተሻሻለ ሰንፔር ደግሞ ከመሬት የወጣና እሳት ወይም ሌላ ነገር የነካው ነው። ብርጭቆውን ለመለየት ብዙ ድካም የለም፤ ከንፈር ላይ ሲያስቀምጡት እንደ ኮረንደም አይቀዘቅዝም፣ ጠርዙም ቶሎ ይሸረፋል።

የቬርኔይን ድንጋይ ከተፈጥሮው ለመለየት ግን ጥንካሬም ክብደትም አይረዳም። የሚታየው የዕድገቱ ምልክት ነው። ተፈጥሮ ኮረንደምን በጠፍጣፋ ገጾች ስለምታሳድግ የቀለሙ መስመሮች ቀጥ ያሉና በማዕዘን የሚገናኙ ናቸው፤ ቡሉ ላይ ግን የቀለጠው ገጽ ክብ ስለሆነ መስመሮቹ ይታጠፋሉ፣ በመካከላቸውም የጋዝ አረፋ ይታያል። ይህ በሰማያዊውና በሩቢው ላይ በአሥር እጥፍ አጉሊ መነጽር ይወጣል። ከባለኅብሮቹ ቢጫውና ብርቱካናማው አስቸጋሪ ናቸው፤ መስመራቸው ፈዛዛ ስለሆነ ድንጋዩን በፈሳሽ ውስጥ ነክሮ በሰማያዊ ማጣሪያ ማየት ያስፈልጋል። ይህም ካልሠራ ብርሃኑ በስፔክትሮስኮፕ ይመረመራል፦ እንደ አክሱሙ ያለ ከባዛልት የወጣ ቢጫ ሰንፔር በሰማያዊው የብርሃን ክፍል ላይ የብረትን ጥቁር መስመሮች ያሳያል፤ በኒኬል ቢጫ የሆነ የቬርኔይ ድንጋይ አያሳይም። ብረት ያነሰው የስሪላንካ ቢጫ ግን መስመሩ ሊጠፋበት ስለሚችል፣ እርሱ ያለ ላቦራቶሪ አይወሰንም።