ኢትዮጵያ በበረዶው ሜዳ

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በእንቍጣጣሽ ዋዜማ፥ አበበ ቢቂላ በሮማ ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ማሸነፉን የማያውቅ ተማሪ የለም። ከዚያ 45 ዓመት በኋላ በዚያው በኢጣልያ አገር ሌላ ኢትዮጵያዊ ሰንደቅ ዓላማችንን ይዞ በክረምት ኦሊምፒክ መሰለፉን የሚያውቁ ግን ጥቂቶች ናቸውና፥ ታሪኩን እነሆ።

ሰውየው ሮቤል ተክለ ማርያም ይባላል። በ1967 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለደ። በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ፥ ሌክ ፕላሲድ በሚባለው ቀዝቃዛ ስፍራ በአዳሪ ትምህርት ቤት ሳለ ስኪ ተማረ። ስኪ ከጫማ ጋር የሚያያዝ ረጅምና ቀጭን ሰሌዳ ነው፤ ተወዳዳሪው በሁለት እጁ ዘንግ ይዞ በረዶውን እየገፋ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም ይሄድበታል። ሮቤል በአዲስ አበባ በረዶ ስላላገኘ መንኰራኵር በተገጠመለት ስኪ በአስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር።

በየካቲት 1998 ዓ.ም. 80 አገሮች በቶሪኖ ከተማ ተሰበሰቡ። የኢትዮጵያ ቡድን አንድ ሰው ብቻ ነበር። የካቲት 10 ቀን ሮቤል በ15 ኪሎ ሜትር ውድድር ገባ። በዚህ ውድድር ሁሉም በአንድ ጊዜ አይነሣም፤ እያንዳንዱ በ30 ሴኮንድ ልዩነት ለብቻው ይለቀቃልና ትግሉ ከሰዓት ጋር ነው። የኤስቶንያው አንድሩስ ቬርፓሉ አንደኛ ወጣ፤ ሮቤል ከኋለኞቹ መካከል ሆኖ መንገዱን ፈጸመ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በካናዳ፥ በቫንኩቨር ኦሊምፒክ፥ እንደ ገና ብቻውን ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳደረ።

«ለማያሸንፉት ውድድር መድከም ምን ይረባል?» የሚል ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለእስቴ ጎረቤት የሆነው የጉና ተራራ እንኳ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ቢልም፥ የሚወርድበት በረዶ ፀሐይ ሲያገኘው ይቀልጣል እንጂ ወራት ሙሉ ተኝቶ ለስኪ አይሆንም። የኖርዌይ ልጅ ግን ገና በሕፃንነቱ ስኪ ይለምዳል። ስለዚህ ሜዳልያ አለማግኘታችን አያስደንቅም።

ሆኖም ታሪክ ሌላም ነገር ያስተምረናል። አገራችን በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሰለፍ ያለ ሜዳልያ ተመልሳለች፤ የሮማው ድል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በበረዶውም እንዲሁ ይሆናል ለማለት አይቻልም። ነገር ግን የፈጻሚ ክብር ከአሸናፊ ክብር የተለየ መሆኑን ጎረቤታችን ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት አሳይቷል። በ1990 ዓ.ም. በጃፓን አገር በናጋኖ በ10 ኪሎ ሜትር ስኪ የመጨረሻ ሆኖ ሲደርስ፥ አንደኛ የወጣው የኖርዌዩ ቢዮርን ዴሊ በመጨረሻው መስመር ቆሞ ጠብቆ አቀፈው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች! ከእኛም መካከል ማንም ባልሄደበት መንገድ ብቻውን የሚነሣ ይኖራል። ወላጆችና መምህራን «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለታቸው በፊት «ፈጸምህን?» ብለው ቢጠይቁት፥ ብርታት ይሆነዋል።